ነገ እነሳለሁ፦ አምስት ቀን በኦስሎ

ያ ቅዳሜ እንደሌላው ቅዳሜ ነበር። ሰኔ ገብቷል። ደብረ ብርሃን ጠዋት ዘንቦባት ከሰዓት በኋላ ጠራች። እማዬ በራፉ ላይ ተቀምጣ የበሶ ገብስ ትለቅማለች። እኔ ሽቦው የወጣ ጃንጥላ ልጠግን እታገላለሁ። ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ አንተነህ ከኦስሎ የላከው መልእክት ነበር።

«ለእማዬ ንገራት። ነገ እነሳለሁ።»

አንተነህ ኖርዌይ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ሲሄድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ከእሱ የሚመጣውን ሁሉ የማነብላት እኔ ነኝ። በስልክ ስታገኘው የምትለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ «ናልኝ። መምጣት ካልቻልክ መልክህን ላክልኝ።» እሱ ግን አይመጣም፤ መልኩንም አይልክም። በቪዲዮ እንደውልልህ ስንለው ካሜራው ሁልጊዜ ተበላሽቷል። የሚልከው የሌላ ሰው ፎቶ ነው። ኖርዌይ ውስጥ እሁድ እሁድ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን ልብስ ለብሰው የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ። አንተነህ እነሱን በአሮጌ የፊልም ካሜራ ያነሳል። መረብ የተሰፋበት ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች፣ ሰፊ ሱሪ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም በጥቁርና ነጭ። እማዬ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዙራ ታየውና «እነዚህ ሰዎች ጦርነቱ አላለቀላቸውም እንዴ?» ትላለች። የራስህንስ ስለው «አንሺ አይነሳም» ይለኛል።

እና መልእክቱን አነበብኩላት። ካነበብኩ በኋላ «ሊመጣ ነው» አልኳት።

ይህን ልብ በሉልኝ። መልእክቱ ሊመጣ ነው አይልም። ያልኩት እኔ ነኝ።

እማዬ ገብሱን ከነሰፌዱ መሬት አስቀመጠች። «ነገ ተነስቶ መቼ ይደርሳል?» አለችኝ። «ማክሰኞ ይሆናል» አልኳት። ለአንተነህ «እሺ» ብዬ ጻፍኩለት። ያን ብቻ። እሷ የእሱን ፍራሽ ፀሐይ ላይ አውጥታ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ስትናገር ዋለች። ሰኞ ቀትር ላይ ስልክ ተደወለ። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ አውቶቡስ ሲጠብቅ ልቡ ቆሞ ነበር።

አስከሬኑ መጣ። ሳጥኑ የታሸገ ነበር፤ አይከፈትም ተባልን። እማዬ ለለቀስተኛው ሁሉ የምትናገረው አንድ ነገር ሆነ፦ «ልጄ መንገድ ጀምሮ ነበር። ተነስቶ ነበር።» ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ በዚህ ቆመች። ልብሱንና ካሜራውን አስቀምጣ የቆየችው እትዬ ዘነበች፣ በኦስሎ ጎረቤቱ የነበረችው፣ መጥቼ እንድወስድ ግብዣ ላከችልኝ። ቪዛው አንዴ ተከልክዬ በሁለተኛው ተሰጠኝ። ስሰናበት እማዬ ልብስ አላለች፣ ካሜራ አላለች።

«ትኬቱን አምጣልኝ» አለችኝ። «ከሳጥኔ አስቀምጠዋለሁ።»

የሄድኩት ለዚያ ነው።

ረቡዕ። ጠዋት በሚኒባስ አዲስ አበባ ወረድኩ። አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር። ቀበቶውን ማሰር እንጂ መፍታት አላወቅኩም፤ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ሳትስቅ ፈታችልኝ። ሳትስቅ ስለሆነ እስከዛሬ አመሰግናታለሁ። ሌላ አገር ወርጄ ሌላ አውሮፕላን ቀየርኩ።

ሐሙስ። ኦስሎ ደረስኩ። ሻንጣዬ አልደረሰም። ሻንጣ የሚዞርበትን ጎማ እያየሁ፣ ሰው ሁሉ የራሱን አንስቶ ሄዶ፣ አንድ ሰማያዊ ሻንጣ ብቻዋን ስትዞር ቀረች። የእኔ አልነበረችም። እማዬ የላከችው በሶና በርበሬ ያለው በእኔው ውስጥ ነው። የጠፋበትን ወረቀት ሞልተውልኝ ባዶ እጄን ወጣሁ።

እትዬ ዘነበች ከልጇ ከሊያ ጋር ቆማ ትጠብቀኛለች። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት የምትሠራ፣ ፈጣን ሴት ናት። አየችኝና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ አቀፈችኝ።

«እንደምን አሉ እትዬ» አልኳት።

«አንቱ አትበለኝ ተሜ። እዚህ አገር ሐኪሙንም ሚኒስትሩንም አንተ ነው የሚሉት። አንቱ ስትለኝ ጡረታ የወጣሁ ይመስለኛል።»

ሊያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ «ታክሲ እንያዝ ይሆን? ደክሞታል» ስትል ሊያ «ነይ» አለቻት። እናቷ ትንሽ ቆይታ «ውሃ እንግዛለት?» ስትል እንደገና «ነይ! እኔ ጋ አለ» አለች። ልጅ እናቷን እንዲህ በትእዛዝ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ ደግሞ አጠገቧ ቆማ። ባቡር ውስጥ ገብተን ነው የጠየቅኩት።

«ኔይ እኮ በኖርስክ አይ ማለት ነው!» አለችና እስክታነባ ሳቀች። «ማማ፣ ሰማሽ? እየጠራሁሽ መስሎት ነው።»

«ብትጠሪኝማ ጥሩ ነበር» አለች እናቷ።

ቤታቸው ቬስትሊ ነው፤ የምድር ባቡሩ የመጨረሻ ፌርማታ። ከዚያ ወዲያ ባቡሩ መሄጃ የለውም፣ ፎቅና ጫካ ነው። ራት ሽሮ በላን። ከራት በኋላ መጋረጃው ስር የሚገባው ብርሃን የከሰዓት በኋላ ብርሃን ነበር። ይመሻል ብዬ ብጠብቅ አይመሽም። የእኛ ዶሮ እዚህ ብትመጣ መቼ እንደምትሰፍር አታውቅም። ቅያሪ ስላልነበረኝ እትዬ ዘነበች ከአንተነህ ካርቶን ሸሚዝና ሱሪ አወጣችልኝ። ልክክ አለብኝ። እሱ ሲሄድ ራሴ ወገቡ ድረስ ነበር።

አርብ። እትዬ ዘነበች ሥራ ሄደች፣ ሊያ ሶመርዮብ የሚሉት የክረምት ሥራ አላት፤ ባርነሃገ በሚሉት መዋለ ሕፃናት ሕፃን ትጠብቃለች። እኔ ከሁለቱ ካርቶኖች ጋር ቀረሁ። ለቁርስ ዳቦና ቡናማ አይብ ትተውልኛል። ጨው ያለው ከረሜላ ይመስላል፤ እንዴት እንደሚበላ ሳልወስን በላሁት።

አንዱን ካርቶን ሙሉ በሙሉ አወጣሁ። ልብስ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የፊልም መያዣ፣ ካሜራው። ትኬት የለም። ኪሶቹን ሁሉ አየሁ። ሁለተኛው ውስጥ ፓስፖርቱን አገኘሁ። ገለጥኩት፤ ፎቶው ድሮ የማውቀው መልኩ ነው። የፓስፖርቱ ቀን ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ቀኑ ባለፈ ፓስፖርት ሰው አይሳፈርም። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ቪዛ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ግን ምናልባት አድሶት ይሆናል፣ አዲሱ ሌላ ቦታ ይሆናል አልኩ። ከካርቶኑ ግርጌ የቀጠሮ ደብተሩ ወጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ ሦስት ቃል ተጽፏል፦ «እሁድ። ቶሩን። ኮት።» ለመንገድ የሚገዛው ኮት መሰለኝ። ያኔም መንገድ መንገዱን ነበር የማስበው።

ማታ ደብተሩን ለእትዬ ዘነበች አሳየኋት። «ትኬት አላየሁም ተሜ» አለችኝ። «እሄዳለሁ ብሎኝም አያውቅም። ቶሩን ግን ያቺ የጦርነት ልብስ የሚለብሱት ሰዎች አለቃ ናት። ትልቁን ስብሰባቸውን በየዓመቱ በዚሁ ሰሞን ላምበርትሴተር ያደርጋሉ። የፊታችን እሁድ ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አለብኝ፤ ሊያ ትወስድሃለች።»

«ያ፣ ያ» አለች ሊያ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፤ አዎ ማለቷ ነው። «የድሮ ሰዎች ለማየት። ደስ ይላል።»

ቅዳሜ። አንተነህ የወደቀበትን ቦታ ለማየት ብቻዬን ወጣሁ። ግሮሩድ ነው፣ ከቬስትሊ ሩቅ አይደለም። ከባቡር ወርጄ አውቶቡስ ያዝኩ። ቆሜ የያዝኩት ብረት ላይ ቀይ ቁልፍ ነበረበት፤ አውራ ጣቴ እሱ ላይ አርፏል። አውቶቡሱ በየፌርማታው ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ የሚወርድ የለም። ሾፌሩ በመስታወቱ ያያል። ሦስተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ተነስተው እጄን በቀስታ ከቁልፉ አንስተው ከፍ ያለው ቦታ ላይ አስያዙኝ፤ ቁልፉ ለካ «ወራጅ አለ» ማለቻ ነው። አውቶቡሱ በሙሉ ወደ መስኮት ዞሮ ሳቀ። ደብረ ብርሃን ቢሆን ፊት ለፊት ነበር የሚሳቅብኝ፤ ስምም ይወጣልኝ ነበር።

ፌርማታው ምንም የለበትም። አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የመስታወት መጠለያ፣ ከኋላው ግንዳቸው ነጭ የሆነ ዛፎች። ቦታው የሆነ ነገር ይነግረኛል ብዬ ነበር። ነፋሱ ቅጠሉን ያንቀሳቅሳል፣ ብርሃኑ መሬት ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላ የለም። ተቀመጥኩ። አውቶቡስ ይመጣል፣ በሩን ይከፍታል፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ይሄዳል። ስንት እንዳለፈ አላውቅም። የተኛሁም ይመስለኛል፣ ዓይኔ ግን ክፍት ነበር። አንዱ በሩን ከፍቶ አልሄድ አለ። ያው የጠዋቱ ሾፌር ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀኝ። እኔም ገባሁ።

እሁድ። ጠዋት ቬስትሊ ጣቢያ ላይ ከሊያ ጋር ቆመን ሳለ ሁለት ሰዎች ደረጃውን ወጡ። ሴትየዋ ትከሻው የተነሳ ሽሮ መልክ ኮት ለብሳ ባርኔጣዋ ላይ መረብ አለ። ሰውዬው የቆዳ ሻንጣ ይዟል። ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊታችን ተቀመጡ። በየፌርማታው እንደነሱ ያሉ ይጨመራሉ፤ ፀጉሯን እንደ ጥቅል የሠራች ወጣት፣ ቀይ የሱፍ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ። ሌላው ተሳፋሪ ስልኩን ያያል፣ ማንም ቀና አይልም። ባቡሩ መሬት ውስጥ ሲገባ መብራቱ ፊታቸው ላይ ይወድቃል፣ ሲወጣ ፀሐይ። እኔ እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። እማዬ አጠገብ ሆኜ በጥቁርና ነጭ አይቻቸዋለሁ። አሁን ቀለም አግኝተው፣ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ከእኔ ጋር አንድ ባቡር ተሳፍረዋል። አንተነህ በሚቀጥለው ፌርማታ የሚገባ መሰለኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አያለሁ።

ሊያ ክንዴን ነካች። «ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

ላምበርትሴተር ከአንድ የማኅበር ቤት ጀርባ ሣር ሜዳ አለ። አሮጌ የጭነት መኪና ቆሟል፣ ሙዚቃ ከሸክላ ይሰማል፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሣሩ ላይ በቀስታ ይጨፍራሉ። አንዱ ሽማግሌ ከዓሣ ቆዳ የተሠራ ጫማ አሳየኝ፤ በጦርነቱ ጊዜ የላም ቆዳ ስላልነበረ ነው። ቡናም አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ደንብ ተብሎ አንድ ሲኒ ጥቁር ነገር ሰጡኝ። ሁሉም እየጠጣ ፊቱን ያኮማትራል። ቀመስኩት። የተቆላ ገብስ ነው! ሁለተኛ ሲኒ ስጠይቅ አጨበጨቡልኝ። የሊያን ሳይቀር ጠጣሁላት።

ያን ጊዜ ነው አንዲት አሮጊት ከጠረጴዛው ማዶ ያዩኝ። ረጅም ናቸው፣ ግራጫ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ኮሌታቸው ላይ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ሰክተዋል። የያዙት ማንኪያ ወደቀ። የለበስኩት የአንተነህን ሸሚዝ ነው። መጥተው ፊቴን አዩ፣ ሸሚዙን አዩ፣ እንደገና ፊቴን። ቶሩን እሳቸው ነበሩ።

ሊያ ማን እንደሆንኩ ነገረቻቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ተናገሩ። ሊያ እየተከተለች ትተረጉማለች፤ አማርኛዋ እዚህ ላይ ያጥራታል።

«አልትሶ... ማለት፣ በጣም አዝናለሁ አለች። ብዙ ዓመት ታውቀዋለች። ሁላቸውንም ያነሳቸው እሱ ነው። የዚያን እሁድ ግን እሱ ነበር የሚነሳው አለች። ቀጠሮ ነበራቸው።»

አገኘሁት አልኩ። «ወዴት ነበር የሚነሳው? ጠይቂልኝ። በየት አድርጎ?»

ሊያ ግራ ገብቷት አየችኝ። «ወዴት ማለት?»

«ሊነሳ ነበር አላልሽም?»

«ያ፣ ሊነሳ ነበር። ፎቶ ነዋ!»

ሸክላው ይዞራል። ሰዎቹ ሣሩ ላይ ይዞራሉ። እኔ አንድ ቃል ይዤ ቆሜያለሁ። ሰው ከእንቅልፉ ይነሳል፣ ለመንገድ ይነሳል፣ ፎቶም ይነሳል። እማዬ ሁለት ነገር ለምናው ነበር፤ እሱ የመለሰው ለሁለተኛው ነው። እኔ የመጀመሪያውን አነበብኩላት።

«እና... ተነሳ?» አልኩ።

«ያ፣ ተነሳ» አለች ሊያ። «ና ትልሃለች።»

ከድንኳኑ ሥር ገመድ ተወጥሮ ፎቶዎች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል። ሁሉም የእሱ ሥራ ናቸው። ተራ በተራ አለፍኩ። ባርኔጣዎች፣ ሻንጣዎች፣ የማውቃቸው ፊቶች። የመጨረሻው ላይ አንድ ሐበሻ ትልቅ ኮት ለብሶ ቆሟል። አይስቅም። ቀጥ ብሎ ያያል። በአፉ ዙሪያ፣ በሁለቱ ዓይኖቹ ዙሪያና ግንባሩ ላይ ቆዳው ነጭ ነው፤ ነጩ ወደ አንገቱ ወርዶ ኮቱ ውስጥ ይገባል።

«ይኼ ምንድነው?» አልኩ።

«ቪቲሊጎ። አማርኛውን አላውቀውም። አታውቁም ነበር እንዴ?» ሊያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ ካወቅኩት ጀምሮ እንደዚያ ነው። ሌላ መልኩን አላውቅም።»

አማርኛውን እኔ አውቀዋለሁ። ለምጽ ነው። እኛ ሰፈር ለምጽ ያለበት ሰው ሲያልፍ ልጆች ምን እንደሚሉም አውቃለሁ። እኔም ልጅ ሆኜ ብያለሁ።

ቶሩን ቀስ እያሉ ተናገሩ። ለዓመታት ተነሳ ሲሉት እምቢ ይል ነበር። የዚያን ሰሞን የአባታቸውን ኮት ከሣጥን አግኝተው «ይህን የሚለብስልኝ ሰው አጣሁ» አሉት። አስቦበት፣ እሺ አለ። ካሜራውን ራሱ አስተካክሎ፣ የቱን ቁልፍ እንደሚጫኑ አሳይቷቸው፣ ሄዶ ቆመ። ሳቅ እንዳይሉት ለመናቸው። ፊልሙን ለማሳጠብ ወስደው ሲመለሱ እሱ የለም፤ የእኛንም አድራሻ አያውቁም።

«አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አልኳት ሊያን። «ወደ አገሬ እሄዳለሁ ብሏቸው ነበር?»

ቶሩን ወደ ዛፎቹ አይተው አሰቡ።

«እናቴ ይህን አይታ ና ካለችኝ እሄዳለሁ ብሎ ነበር አለች» አለች ሊያ።

ፎቶውን ከገመዱ አውርደው ሰጡኝ። ከዚያ የኮሌታቸውን ሽቦ ነቅለው ሸሚዙ ላይ ሰኩልኝ። በጦርነቱ ጊዜ አብረን ነን ማለት ነበር፣ ጮክ ተብሎ ስለማይባል።

ሰኞ ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ ደወልኩ። የጎረቤታችን ልጅ ሰብለ ስልኩን ለእማዬ ያዘችላት። ግማሽ ፊቷና የበሩ መቃን ይታየኛል።

«አገኘኸው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ትኬት የለም። አልነበረምም። የዚያን ቀን ነገ እነሳለሁ ያለው ፎቶ ነው። ሊመጣ ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ።»

ሰብለ ስልኩን ልታወርድ ስትል «ያዢው» አለቻት። ለእኔ ደግሞ፦

«ተነስቷል?»

«ተነስቷል።»

«አሳየኝ።»

ፎቶውን ስልኩ ፊት ያዝኩት። «አታወዛውዘው» አለችኝ። አየች። ብዙ አየች። በእኛ ግቢ በኩል አህያ ሲያልፍ ይሰማኛል።

«ለምጽ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ለዚህ ነው የቀረው?»

«እናቴ ይህን አይታ ና ካለችኝ እሄዳለሁ ብሎ ነበር» አልኳት።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ና ስለው አልነበር? መልክህን አይቼ ና እልሃለሁ አልኩት? ጅል! ይኼ ጅል ልጅ!» ስትጮህበት ሰማኋት፤ እንደድሮው፣ እቤት ሆኖ ዕቃ እንደሰበረ። ከዚያ ድምጿ ጠፋ። ሰብለ አብራ ታለቅሳለች፣ ስልኩ ጣሪያውን ያሳየኛል። ቆርቆሮውን አያለሁ። ጠበቅኩ።

ፊቷ ሲመለስ በነጠላዋ ጠርጋው ነበር።

«ኮቱ ሰፍቶታል» አለች።

«የሰው ኮት ነው እማዬ።»

«ከስቷል። በትልቁ አሳጥበው። ለሙት ዓመቱ ድንኳኑ ውስጥ አቆመዋለሁ። ሰው ሁሉ ይየው።»

ሊያ ሥራ ሄዳለች። ብቻዬን በእግሬ እዚያው ቬስትሊ ወዳለው የገበያ አዳራሽ ሄድኩ፤ ውስጡ ፎቶ ቤት አለ። የሚሠራው ልጅ በእኔ ዕድሜ ነው። ፎቶውን ማሽኑ ውስጥ ከተተው፣ የአንተነህ ፊት የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ሞልቶ ወጣ። በእጄ መጠኑን አሳየሁት፤ ክንዴን እስከቻልኩ ዘረጋሁ። ሳቀና እሺ አለ። ከዚያ ፊቱን ይበልጥ አቅርቦ፣ ቀስቱን በአፉ ዙሪያ ባለው ነጭ ላይ አዙሮ፣ ወደ እኔ ዞረ። ላጥፋልህ ወይ ማለቱ ነው። ለደግነት ነው። እኛም አገር ፎቶ ቤት ጠባሳ ያጠፋሉ፣ ሳይጠየቁ።

መዳፌን ዘርግቼ ከለከልኩት። ገባው። እጁን ከማሽኑ አነሳ።

ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወጣ፤ መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ቀጥሎ ግንባሩ፣ ዓይኖቹ። በሁለት እጄ ተቀበልኩት። ወረቀቱ ገና ትኩስ ነበር።